ከብርጭቆ እስከ ፀጉር ሥር

ጀማነሽ የሰው ስም ትረሳለች፤ ራስ ግን አትረሳም። ሁለት ሦስት ዓመት ጠፍታ የመጣች ደንበኛ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ «ማን ነበርሽ የኔ እህት?» ትላትና፣ ጣቶቿን ፀጉሯ ውስጥ ሰድዳ ከግንባር እስከ ማጅራት አንድ ጊዜ ስትዳስሳት፣ «እ! አንቺ ነሽ እንዴ! ከቀኝ ጆሮሽ በላይ ጠባሳ ያለሽ!» ብላ ትስቃለች።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ግቢ፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት አንዲት ክፍል ነበረቻት። ሦስት ወንበር፣ መብራት ሲኖር የሚሠራ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥጉ የተሸረፈ መስታወት፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰማያዊ በርሜል። እንጀራዋ ግን ከካስኩ አልነበረም፤ ከሹሩባ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ የጎረቤት ልጆችን ደጃፍ ላይ እያስቀመጠች የጀመረችው ሥራ በ1996 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ፀጉር ግን የሚቀራት ነገር ያለ አይመስላትም። «ፀጉር እንደ ቆዳ ጫማ ነው፤ ከቀባሽው ይኖራል፣ ካልቀባሽው ይሰነጠቃል» ትላለች ለደንበኞቿ። ፀጉር ከውስጥ ይጠጣል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ቢነግራትም ትስቅበት ነበር።

ከሁሉም የምትኮራበት አንድ ራስ ነበር፤ የአስቻለች ራስ። አስቻለች የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት። ኋለኛው በር አጠገብ ባለችው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ ከካዛንቺስ በቡልጋሪያ አድርጋ ቄራ፣ ከቄራ ተመልሳ ካዛንቺስ ስትል ከንጋት እስከ ምሽት ትውላለች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ፀጉሯ ሚዶ ይሰብራል፤ ይህ እንዲያው ለማለት ያህል አይደለም፣ ጀማነሽ እጅ ላይ በእርግጥ ሁለት ሚዶ ተሰብሯል። እሑድ ከሰዓት አስቻለች ብቅ ስትል ተራ የያዙት ሴቶች «በሉ እንነሳ፣ የአስቻለች ራስ ከተጀመረ ዛሬ ለኛ አይደርስም» ይላሉ። ጀማነሽ ግን ያን ጥቁርና ወዛም ፀጉር ስትከፍለው፣ ከጣቶቿ መሃል እየሾለከ ሲፈስ፣ ድካሟ ሁሉ ይጠፋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጣቶቿ አንድ ነገር ሰሙ።

የአስቻለች የራስ ቆዳ እንደ ድሮው ሲገፉት እሺ አይልም። ደርቋል፣ ተወጥሯል። ሲበጠር ፎረፎር የመሰለ ደቃቅ ቅርፊት ትከሻዋ ላይ ይረግፋል። ፀጉሩም ወዙን ጥሎ እንደ ጭድ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኅዳር ላይ ሚዶው ነቅሎ የሚያወጣው በረከተ። ጀማነሽ አስቻለች እንዳታይ እየጠቀለለች ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተው ጀመር።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ፀጉሬ ሳሳ አይደል?» አለቻት አንድ እሑድ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኗን እያየች።

«ኧረ ምንም አልሆነ። የበጋ ንፋስ ነው፤ በቃ ያልፋል።»

አላለፈም። ለጋ ቅቤ ቀባቻት፣ የጉሎ ዘይት አሸቻት፣ እሬትና እንቁላል ሞከረች። ቅባቱ ላይ ላዩን አብረቅርቆ በሦስተኛው ቀን ያው ድርቀት ይመለሳል። የሳሳው ቦታ እንዳይታይ ደግሞ ሹሩባውን ከወትሮው አጥብቃ ትጎነጉን ጀመር። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ተረት ደርሶባት፣ ሥሩ የታመመውን ከላይ ስታሳምር ከረመች። ሃያ ሁለት ዓመት ያልከዳት ሙያ ዛሬ የከዳት መሰላት፤ ነገሩን ለማንም ሳታወራ ያዘችው።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ጉርሜሳ አስቻለችን ደግፎ በሩ ላይ ቆመ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግራ ጎኗን በሁለት እጇ ጨብጣ ጎብጣለች።

«እትዬ፣ እባክዎ ይያዙልኝ! ከቡልጋሪያ ጀምሮ እንዲህ አደረጋት። እኔ ሰው ጭኛለሁ።»

ጀማነሽ ያን ሰዓት የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችውን የሊዲያን ራስ ግማሽ አድርሳ ነበር። ሚዶውን ጣለችው። «ሊዲያዬ፣ ይቅርታ...»

«ምን ይቅርታ አለው! ታክሲ ልጥራ!» አለች ሊዲያ። ግማሽ ራሷ እንደተጎነጎነ፣ ግማሹ እንደተበተነ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሦስቱም በአንድ ላዳ ተጭነው ኡራኤል አካባቢ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ሄዱ።

ዶክተሯ ሐሴት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ማስታገሻ ከተወጋች፣ ሽንቷ ከተመረመረና ጎኗ በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ አስቻለች ጋደም እንዳለች ዶክተሯ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የኩላሊት ጠጠር ነው። ትንሽ ስለሆነ ራሱ ይወጣል፤ አትፍሪ። ግን ሽንትሽ እንደ ሻይ ጠቁሯል። በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ?»

አስቻለች የአልጋውን ልብስ ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«በብርጭቆ ስንት?»

«በሥራ ቀን... አልጠጣም።»

«ምንም?»

«ጠዋት ሻይ እጠጣለሁ። ከዚያ ማታ ቤቴ ስገባ ነው።»

«ለምን?»

«የት ልሽና ዶክተር?» አለች አስቻለች። ድምጿ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ሰዓት የጠየቀች ነው የምትመስለው። «ጉርሜሳ ግንብ ሥር ይቆማል፣ ይመለሳል። እኔስ? መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ትንሽ እጠጣ ነበር፤ ማለቴ፣ እየያዝኩ እሠራለሁ። በኋላ ከመያዝ አለመጠጣት ይሻላል ብዬ ተውኩት። ስድስት ዓመቴ ነው። ለምጄዋለሁ።»

ግማሽ ሹሩባዋን የያዘችው ሊዲያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጀማነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ራስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስትነካ፣ ባለቤቱ መጠማቷን ጠይቃ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት።

«ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፣ «ራሷም ደርቋል። ፀጉሯ ይረግፋል። የምቀባው ሁሉ እምቢ ብሎኛል።»

ሐሴት ተነሥታ የአስቻለችን የዓይን ቆብ ገልጣ አየች፤ የራስ ቆዳዋንም በጣቷ ዳሰሰች። «የምናየው ፀጉር፣ ይሄ እርስዎ የሚጎነጉኑት፣ ሕይወት የለውም» አለች። «ሕይወት ያለው ከቆዳው በታች ነው። እያንዳንዷ ፀጉር እታች ትንሽ ከረጢት አላት፤ የምትሠራው እዚያ ውስጥ ነው። ሌት ተቀን እረፍት የለም። የምትሠራበትን ሁሉ የሚያመጣላት ደም ነው፤ የደም አብዛኛው ክፍል ደግሞ ውሃ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ያለችውን ለልብና ለአንጎል ያደርሳል እንጂ ለቆዳ አያዳላም። የራስ ቆዳም ቆዳ ነው።»

«እና ውሃ ከጠጣች ይመለሳል?»

«ውሃ ብቻውን ፀጉር ያበቅላል ብዬ አልዋሽዎትም። ደሟ አንሷል፤ የምትውጠው ክኒን እሰጣታለሁ። ምሳም እየዘለለች ነው መሰለኝ። የስድስት ዓመቱ ሁሉ ተደማምሮ ነው። ግን ውሃው ከሌለ ሌላውም መንገድ የለውም።» ከዚያ ጣቷ የአስቻለች ግንባር ዳር ላይ ቆመ። «ይሄኛው ደግሞ የመጎተት ነው። ማነው እንዲህ አጥብቆ የሚጎነጉናት?»

ጀማነሽ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። አስቻለች ከነሕመሟ ሳቀች።

ጀማነሽ ግን አልሳቀችም። ወደ ካዛንቺስ ተመልሳ የሊዲያን ቀሪ ግማሽ ራስ በዝግታ ትጎነጉን ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ቤት ደጃፍ ስትጠርግ ኖራ፣ ከበሩ ጀርባ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ ዛሬ የሰማች መሰላት።

«እትዬ፣ ምነው ቀስ አልሽ?» አለች ሊዲያ።

«እዚህ ሥር ሥራ ላይ ናቸው አሉ» አለች ጀማነሽ። «እንዳልረብሻቸው ነው።»

በማግስቱ በሩ መቃን ላይ ሚስማር መታች። ግቢው ስምንት አባወራ የሚጋራው አንድ ሽንት ቤት ነበረው፤ በቁልፍ ነው የሚዘጋው። አስቻለች ከሦስት ቀን እረፍት በኋላ ሥራ ስትጀምር ጀማነሽ አውቶቡሱ ድረስ ሄዳ በመስኮት ተናገረቻት። «ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። እኔን መጠየቅ የለብሽም፤ ሰው ራስ ላይ ብሆንም ገብተሽ ውሰጂ።» አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ በባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ሰጠቻት።

አስቻለች መጀመሪያ ፈራች። ስድስት ዓመት የታሰረ ልማድ በአንድ ቀን አይፈታም። ለሳምንት ያህል ሃይላንዱ ከነውሃው ይመለስ ነበር፤ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ባዶውን። አውቶቡሱ ካዛንቺስ በደረሰ ቁጥር ወርዳ ትሮጣለች። ተሳፋሪ «ሹፌር፣ ንዳ እንጂ!» ብሎ ሲያጉረመርም ጉርሜሳ መሪው ላይ ተደግፎ «ሞተሩ ይቀዝቅዝ» ይላል። ሞተሩ በቀን አምስት ጊዜ ይቀዘቅዛል።

ነገሩ በአስቻለች ብቻ አልቆመም። የመኪና ማቆሚያ ትኬት የምትሰጠዋ ልጅ ሰማች። አስፋልቱ ዳር ቆሎ የሚሸጡት ሁለት እናቶች ሰሙ። ፀሐይ ላይ ቆማ የምትውለዋ ትራፊክ ፖሊስም አንድ ቀን ባርኔጣዋን አውልቃ «ቁልፍ አለ ያሉኝ እዚህ ነው?» ብላ ገባች። ጀማነሽ ለሁሉም መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ትሰጣለች፣ ቀጥላ ቁልፉን። ለመሠራት የመጣችም ደንበኛ ሳትጠጣ ወንበር ላይ አትወጣም።

መጋቢት ላይ ጋሽ መዝገቡ መጡ። በአንድ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጀማነሽ፣ የስምንት ቤት ሽንት ቤት ነበር፤ አንቺ የካዛንቺስ አደረግሽው።»

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ማን ያጸዳዋል?»

ጀማነሽ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እርስዎ መሥሪያ ቤት በነበሩ ጊዜ ሽንት ቤት ነበር?»

«እንዴ! ነበር እንጂ። ምን ማለትሽ ነው?»

«ለነዚህ የለም። ስድስት ዓመት ውሃ ሳትጠጣ የሠራች ልጅ አለች፤ ኩላሊቷ ጠጠር ቋጥሯል፣ የራሷ ቆዳ ዝናብ ያጣ መሬት መስሏል። እኔ ደግሞ ቅቤ ስቀባት ከርሜያለሁ፣ ሞኟ! የማጽዳቱን ነገር እኛ ተራ ገብተናል። ውሃውን ከበርሜሌ እቀዳለሁ። እርስዎ ብቻ አይከልክሉን።»

በዚያው ቅጽበት ከቆሎ ሻጮቹ አንዷ፣ ዕድሜዋ ከእሳቸው የማያንስ ሴት፣ ከጓሮ ወጥታ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች። ሽማግሌው በዓይናቸው ተከትለው አዩዋት። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አዲስ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ፤ የድሮው ዝጎ ነበር። ከሦስቱ ቁልፎች አንዱን በገዛ እጃቸው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«ውሃ መድፋት እንዳይረሱ ንገሪያቸው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ጀማነሽ በነዚህ ወራት ሁሉ የአስቻለችን ራስ ላላ አድርጋ ነበር የምትሠራው፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳትጎነጉን በሻሽ አስራ ትሸኛታለች። የሚታይ ለውጥ አልነበረም። መጀመሪያ የተመለሰው ቆዳው ነው፤ ሚያዝያ ላይ ቅርፊቱ ቀነሰ፣ በጣት ሲገፉት እንደገና እሺ ማለት ጀመረ። መርገፉ ግን ቶሎ አላቆመም። ሐሴት «ፀጉር የሚመልሰው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ ያደረግሽለትን ከወራት በኋላ ነው የሚነግርሽ» ብላት ስለነበር አስቻለች ክኒኗን እየዋጠች፣ ምሳዋን እየበላች፣ ሃይላንዷን እየጨረሰች ጠበቀች።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ እሑድ፣ ጀማነሽ ሻሹን ፈታ ጣቶቿን ከግንባሯ ጫፍ ስትሰድ የሆነ ነገር ጣቷን ቆረቆራት። ዓይኗን ከማምጣቷ በፊት እጇ አወቀ። ባዶ ሆኖ የከረመው የግንባር ዳር ላይ ደቃቅ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገና በበቀለ ጤፍ ማሳ ላይ እጅ እንደማሳለፍ ያለ ነገር።

«በስመ አብ» አለች።

«ምንድን ነው?» አስቻለች ደነገጠች።

ጀማነሽ የአስቻለችን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አኖረችው። አስቻለች ዳሰሰች፤ መልሳ ዳሰሰች። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ተራ የያዙት ሴቶች ተነሥተው ከበቧቸው፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እየነኩ «ወይ ጉድ!» አሉ። ከመሃላቸው አንዷ «ምን ቀባሻት ጀማነሽ? ለኛም ንገሪን እንጂ» ስትል ጀማነሽ ወደ በርሜሉ አመለከተች። ማንም አላመናትም።

እሷ ራሷም እንዳመነች እርግጠኛ አልነበረችም። ያቺን ከረጢት የተባለችውን በዓይኗ ማየት ፈለገች። የክሊኒኩ ላብራቶሪ ሠራተኛ ሙሐሲን የሚባል ትሑት ወጣት ነው፤ እህቱ የጀማነሽ ደንበኛ ናት። በነሐሴ አንድ ቀን፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ጀማነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመች።

«ሙሐሲን፣ አታፍርብኝ። ፀጉር ከሥሩ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን ያሳፍራል እትዬ! ግን የወደቀ አይሆንም፤ ሕያው ነው የሚያስፈልገን። ከራስዎ አንዲት ልንቀል?»

ነቀለ። ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፀጉሯን በስስ የመስታወት ቁራጭ ላይ አጋደመ፣ አንድ ጠብታ ውሃ አደረገባት፣ ማይክሮስኮፑን አስተካከለና ወንበሩን ለቀቀላት። ጀማነሽ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ወፍራም ግንድ ታየ። ግንዱን ተከትላ ስትወርድ፣ መጨረሻው ላይ የቀይ ሽንኩርት ራስ የመሰለ፣ እምብርቱ የጠቆረ፣ ዙሪያውን እንደ ብርጭቆ የጠራ ነገር የሸፈነው እብጠት አገኘች። ትንፋሿን ያዘች።

«ያቺ ጥቁሯ ናት» አለ ሙሐሲን ከኋላዋ። «የሚሠራው እዚያ ነው። በወር አንድ ሳንቲሜትር አካባቢ ታወጣለች። ዛሬ ጠዋት የጠጡት ውሃ ሆድዎ ገብቶ፣ ከደም ጋር ተቀላቅሎ፣ በልብዎ ተገፍቶ፣ ከክር በቀጠነ ቧንቧ እየወጣ እዚህ ድረስ ይደርሳል።»

«እስከዚህች?»

«እስከዚህች። የሰው ራስ ላይ ወደ መቶ ሺህ የሚሆኑ አሉ።»

ጀማነሽ ከማይክሮስኮፑ አልተነሣችም። በሕይወቷ ስንት ራስ ነክታለች? እጇ ስንት መቶ ሺህ ላይ አልፏል? አንዱም ቀን «ማነው?» ብላ አላንኳኳችም። ጉንጯ ሲረጥብ ታወቃት፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አላመጣችም።

«ደግሜ ልይ» አለች። ሙሐሲን ሦስት ጊዜ ደግሞ አሳያት።

ከክሊኒኩ ወጥታ ታክሲ አልያዘችም። በኡራኤል በኩል በእግሯ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሷል። ከቢሮ የሚወጣው፣ ታክሲ የሚጋፋው፣ ካፌ ደጃፍ የቆመው። ራሰ በራው፣ ሻሽ ያሠረችው፣ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ በፌስታል የሸፈነችው፣ ሂጃብ የለበሰችው፣ የተላጨው ተማሪ። ጀማነሽ የሁሉንም ራስ እያየች በዝግታ ሄደች። እያንዳንዱ አናት ሥር የማይሰማ፣ ማንም ያላዘዘው ሥራ ነበር። አንድ ሰው ገፍቷት አለፈና «ይቅርታ እናቴ» አላት፤ አልሰማችውም።

የአስቻለች ፀጉር ከሁለት ዓመት በኋላ ከድሮው ትንሽ ቢያንስም ሙሉ ሆነ፤ እሷም ወደ አውቶቡሶቹ መቆጣጠሪያ ቢሮ ተዛወረች። ጀማነሽ ኋላ ላይ ተለማማጆች መቀበል ጀመረች። አንድ ልማድ አወጣች፤ ሚዶ ከማስያዟ በፊት እያንዳንዷን ሙሐሲን ዘንድ ትወስዳታለች። በ2002 ዓ.ም. የመጣችው እጸገነት ወሬ የምትወድ ልጅ ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ሄዳ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ እንዳለች ድምጿ ጠፋ። ቆይታ ቀና ስትል እጇ ሳታውቀው የገዛ አናቷ ላይ ነበር።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «የእኔም እንዲህ ነው?»

«ያንቺም» አለቻት ጀማነሽ።